ለውኃ የቀረበ ትምባሆ

ጉያቱ ጣዲቻ መታጨቷን የሰማችው ከነጌሌ ሰው ሁሉ መጨረሻ ነው። ገበያው ሰምቷል፣ ወፍጮ ቤቱ ሰምቷል፣ ከፊልቱ የመጡ የከብት ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሰምተዋል። ባለጉዳይዋ ግን ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ልትሠራ አዳዳ ዲንኪቱ እግር ሥር ቁጭ ብላ ሳለ ነው ወሬው የደረሳት።

አዳዳ ዲንኪቱ የአባቷ እህት ናቸው። ጉያቱን ገና በልጅነቷ ከመንደር ወደ ከተማ አምጥተው ያስተማሯት፣ ሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ስትገባም ሻንጣዋን ተሸክመው እስከ መኪናው የሸኟት እሳቸው ናቸው። ምሥጢር መያዝ ግን አይሆንላቸውም። ይህን ከረቡዕ ጀምሮ ይዘውት ስለ ሰነበቱ አንዱን ጉንጉን ሳይጨርሱ ዘረገፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮሌጁ የታሪክ መምህር ሥዩም፣ የኮሌጁን መሥራች አቶ ኃይሌንና አስተርጓሚ እንዲሆናቸው ነጋዴውን አብዱላሂን ይዞ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ኤላ፣ ወደዚያ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ወርዷል። አባቷ ጣዲቻ ቤት ገብቶ፣ ቆሞ፣ በገዛ እጁ ትምባሆና ቡና አቅርቧል። ጣዲቻም ትምባሆውን ተቀብለው አኝከዋል። በቦረና አገር ያላገባ ወንድ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ያልተዳረች ልጅ ላለችው አባት ትምባሆ በእጁ ከሰጠ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። አባት ካኘከ ደግሞ ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነው።

«ለኮሌጁም ውኃ ጠየቀ» አሉ አዳዳ ዲንኪቱ፣ የልጁ ብልሃት የራሳቸው ይመስል እየኮሩ። «የኤላ ተራ ለባዳ አይሰጥም፤ ለዘመድ ነው። አማች ሲሆን ዘመድ ሆነ አይደል? አባትሽ ወዲያው ነው የገባው።»

የጉያቱ ፊት ወደ መሬት መሆኑ በጃት እንጂ፣ ደስታዋን አዳዳ ዲንኪቱ ቢያዩት ኖሮ እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ያንንም ይሰማ ነበር።

ጠዋት ጠዋት አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ትጠብቃለች። ሥዩም ወደዚያ የሚመጣው መጽሐፍ ሊዋስ ነው። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። አንዱን የአክሱም ታሪክ ወስዶ ይመልሳል፣ መልሶ ይወስዳል። አንድ ሰው አንድን መጽሐፍ ስንት ጊዜ ነው የሚያነበው ብላ አንድ ቀን ብትጠይቀው «እስኪገባው» አለና እስከ ጆሮው ቀላ። እንዲህ ሲሉ ሁለት ዓመት ሄደ። ሁለቱም የገባቸው ነገር ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም። የሥዩም እናት ወይዘሮ ደስታነሽ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የአውራጃው ትልቅ ሹም ነበሩ። ልጃቸውን አዲስ አበባ ያስተማሩት ከአዲስ አበባ ምራት ሊያመጡ እንደሆነ ለመንገደኛ ሁሉ ሲናገሩ ጉያቱም ሰምታለች። ስለዚህ ለሥዩም ዓይኗን እንጂ አፏን አላዋሰችውም።

አሁን ግን እሱ ትምባሆ ይዞ ሄደ። እናቱን አልፎ፣ የከተማውን አፍ አልፎ ሄደ። ጉያቱ ያን ቅዳሜና እሑድ እግሯ መሬት መርገጡን እንጃ።

ኮሌጁን ኮሌጅ ብሎ መጥራት ድፍረት የሚመስላቸው ነበሩ። በድንጋይ የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ጥቂት ክፍሎች፣ አንድ የተማሪዎች ማደሪያ፣ ግድግዳው ላይ የግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ፣ በቃ። መሥራቹ ጋሽ ኃይሌ የመንዝ ሰው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው። ያላቸውን ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ አፍስሰዋል። ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ የከዋክብት ነገር ይሰጣል እዚያ። ከተማው ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶት ነበር፤ ይህን ሁሉ የተማረ ልጅ ሲጨርስ ምን ይሆናል? ሐኪም? መሐንዲስ? «ሰው» ይሉ ነበር ጋሽ ኃይሌ፣ ሳይስቁ።

ሰው ለመሆንም ቢሆን የመንግሥት ዕውቅና ያስፈልጋል። ያለ ዕውቅና የኮሌጁ ዲፕሎማ የትም አያደርስም። ጉያቱ ራሷ ወንበር እየሳበች ከኋላ ተቀምጣ ትምህርቱን ስትከታተል ቆይታለች፤ ዕውቅናው ከመጣ ስሟ በተማሪነት ይመዘገባል፣ ከሊበን አገር ሴት ልጆች የመጀመሪያዋ ትሆናለች። መርማሪዎቹ ሐሙስ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣሉ። መምህራኑም መጻሕፍቱም በቂ ናቸው ተብሏል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ የሚያድርበት ግቢ በበጋም የማይቋረጥ ውኃ አለው ወይ? ጋሽ ኃይሌ ወደ ኤላው የወረዱት ለዚህ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥዩም ያንኑ የአክሱም ታሪክ ይዞ መጣ። ጉያቱ አዲስ ሻሽ አስራለች። ምን እንደምትለው ሁለት ሌሊት ስታስብ አድራ ነበር፤ ቀድሞ ያወራው ግን እሱ ነው።

«አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው» አላት፣ ፊቱ ሁሉ እየሳቀ። «ውኃውን እኮ ሰጡን። ጋሽ ኃይሌ ባዶ እጅ አይኬድም ብለው ትምባሆ አስገዙኝ። እሳቸው ወገባቸው ያዛቸውና እኔው ቆሜ ሰጠኋቸው። እንዴት ደስ እንዳላቸው ብታዪ። ውኃ ሰጥቶ እንደዚያ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም። ከተማውም እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ ነው የሰነበተው።»

ይቀልድ እንደሆነ ብላ አየችው። ሥዩም ቀልድ የሚደብቅበት ፊት የለውም፤ ያሰበው ሁሉ እላዩ ላይ ይነበባል። አሁን የሚነበበው ውኃ ብቻ ነበር።

«ለውኃው ነው የሄዳችሁት» አለች።

«አዎ፤ ሌላማ ምን አለ?»

ጉያቱ መጽሐፉን ተቀበለችው። ማኅተሙን መታችበት።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ አቶ ሥዩም» አለችው።

እርስዎ ካለችው አንድ ዓመት አልፎ ነበር። ሥዩም ግራ ተጋብቶ ወጣ። ጉያቱ ከመደርደሪያው ኋላ ገብታ ግንባሯን መጻሕፍቱ ላይ አስደገፈች። አልታጨችም። ሁለት ቀን ሙሉ ለብቻዋ ስትደሰት ኖራለች፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት ይኸው ነበር።

በማግስቱ ወይዘሮ ደስታነሽ ራሳቸው ቤተ መጻሕፍቱ መጡ። ጥለት ያለው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወንበሩን በመሐረብ ጠረግ አድርገው ተቀመጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። አብዱላሂንም አስጠርተው ጠይቀውታል፤ እሱ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ የጠየቁ መስሎት ብልሃታቸውን ሲያደንቅ እንደ ነበር ነግሯቸዋል።

«ልጄ ስላላወቀ ነው» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «እስካሁንም አያውቅም፤ አልነገርኩትም። ከሰማ ሮጦ አባትሽ ዘንድ ሄዶ ያፈርሰዋል፤ ያኔ ውኃውም ኮሌጁም ቀረ። ሐሙስ እስኪያልፍ ዝም በይ። ከዚያ ሽማግሌ ልኬ አባትሽን ይቅርታ አስጠይቃለሁ።»

«አባቴን ማታለል ይሆናል፣ እትዬ።»

«ዝም ማለት ማታለል ነው እንዴ?»

«በኤላው ሕግ ማታለል ነው» አለች ጉያቱ። አባቷ አባ ሄሬጋ ናቸው፣ የውኃውን ተራ የሚያስከብሩ። ሰው ሳይናገር ከብቱን ገፋ አድርጎ ቢያስገባ፣ ዝም ብሎ ስላደረገው ሌብነት አይደለም የሚል ሽማግሌ በኤላው አፍ አልተቀመጠም።

ወይዘሮ ደስታነሽ ክፉ ሴት አይደሉም። የልጅቷን ፊት አይተው አንድ ነገር ገባቸውና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እጠላሻለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። ወዶሽ ጠይቆሽ ቢሆን ከእሱ ጋር እሟገት ነበር፤ ምናልባትም እሸነፍ ነበር። ግን አልጠየቀሽማ፣ ልጄ።»

ከሄዱ በኋላ ይህችው የመጨረሻዋ ነገር ከጆሮዋ አልወጣ አለች። ወደ አባቷ ወርዳ እውነቱን ልትናገር ተነሣች፤ ደግሞ ማደሪያው ደጃፍ ላይ ልብሳቸውን የሚያጥቡት ተማሪዎች ትዝ አሏት፣ ጋሽ ኃይሌ ወገባቸውን ይዘው መስኮት ሲወለውሉ ትዝ አሏት። ተመልሳ ተቀመጠች። እንዲህ አድርጋ ዝም አለች፤ ዝምታዋንም ጠላችው።

ሐሙስ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ወረደ። መርማሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ይጠይቃሉ። ክፍሉን አዩ፣ ተማሪውን ጠየቁ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆመው አንድ ሁለት መጽሐፍ ገለጡ። ከዚያ ባለ መነጽሩ «ውኃው የታለ?» አሉ። ከጋሽ ኃይሌና ከሥዩም ጋር በላንድሮቨር ወደ ኤላው ሊወርዱ ተነሡ። አብዱላሂ ከብት ሊገዛ ፊልቱ ስለሄደ የሚያስተረጉም ጠፋ። ጋሽ ኃይሌ ወደ ጉያቱ ዞሩ። እምቢ የምትልበት ምክንያት አልነበራትም፤ ቢያንስ የሚነገር ምክንያት።

እንደ ስመ ጥሮቹ የዱብሉቅ ኤላዎች ጥልቅ ባይሆንም ታላቅ ኤላ ነው። ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ በእርከን ቆመው የቆዳውን ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጣሉ። ከብቱ ራቅ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ጣዲቻ በትራቸውን ተደግፈው በገንዳው ራስጌ ቆመዋል። «አካም፣ ናጋ?» ተባባሉ፤ የከብቱን ሰላም፣ የልጁን ሰላም፣ የዝናቡን ሰላም ተጠያየቁ። ከዚያ ባለ መነጽሩ ጠየቁ፣ ጉያቱም ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። ኮሌጁ እዚህ ተራ አለው? ዝናብ በጠፋበት ዓመትስ?

ጣዲቻ ቀስ ብለው መለሱ። ሲጨርሱ ጋሽ ኃይሌም፣ ሥዩምም፣ መርማሪዎቹም ጉያቱን አዩ።

«ሰጥተናል ይላሉ» ብትል ይበቃ ነበር። ውሸትም አይደለም። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን የአባቷ እጅ በትሩ ላይ ነበር፤ ያንን በትር ይዘው ስንቱን ባለጠጋ ከነከብቱ ወደ ኋላ ሲመልሱ አይታ አድጋለች። ሁሉንም ተረጎመችው።

«የኤላ ተራ ለባዳ አይሰጥም ይላሉ። ይህ ሰው ግን ባዳ አይደለም፤ ልጄን ጠይቆ ትምባሆ አምጥቷል፣ ተቀብያለሁ። ዝናብ ቢጠፋም የአማቼ ቤት ሲጠማ ቆሜ አላይም ይላሉ።» ትንሽ ቆየችና «ልጃቸው እኔ ነኝ» አለች።

ጋሽ ኃይሌ ወገባቸውን ያዙ። የሚጽፈው ሰውዬ እስክሪብቶውን አነሣ። ባለ መነጽሩ ወደ ሥዩም ዞረው ፈገግ አሉ። «እንኳን ደስ ያለህ። ነገሩ እንደዚህ ነው ማለት ነው?»

ጉያቱ ሥዩምን ማየት አልቻለችም፤ ከብቶቹን አየች። አዎ ካለ ዕድሜ ልኳን ለእሷ ይሁን ለውኃው ሳታውቀው ትኖራለች። አይደለም ካለ ደግሞ ኮሌጁ እዚሁ ኤላ አፍ ላይ ይቀበራል። ሁለቱንም እኩል ፈራቻቸው።

«አይደለም» አለ ሥዩም።

ፊቱ አመድ መስሏል፤ ድምፁ ግን ደኅና ነበር። «ትምባሆውን ያመጣሁት ለውኃ ነው። ትርጉሙን አላወቅሁም ነበር። አሁን ከእሷ አፍ ሰማሁ። ተርጉሚላቸው፣ ጉያቱ።»

ተረጎመች። የጣዲቻ አገጭ ማኘኩን አቆመ። ከጉድጓዱ ውስጥ የሚወጣው ዘፈንም ተራ በተራ ጠፋ።

«ይህንንም ንገሪያቸው» አለ ሥዩም። «ልጅዎን እወዳታለሁ። በቃሌ የማውቀውን መጽሐፍ ሁለት ዓመት የተዋስኩት እሷን ለማየት ነው። ግን እሷን በውኃ አልለውጥም፤ ውኃውንም በእሷ ስም አልወስድም። እሷን ሳልጠይቅ እርስዎ ዘንድ መምጣቴ ነውር ነው፤ ባላውቅም ነውር ነው።»

ጉያቱ የመጀመሪያውን ቃል በኦሮምኛ ጀመረችው። አቋረጠችው። እንደገና ጀመረችው። የሰው ፍቅር ተርጉማ አታውቅም፣ ያውም የራሷን፣ ያውም ለአባቷ። እንባዋ ሲመጣ አልከለከለችውም። ባለ መነጽሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ ጣዲቻ በገበያ አማርኛቸው። «ይሄ እኔ ገባኝ።»

ከዚያ በትራቸውን መሬት ላይ አጋድመው ቁጭ አሉ። ጣዲቻ ሲቀመጡ የሚናገሩት ቁም ነገር ነው ማለት ነው። በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ፣ ጉያቱም እየተከተለች ተረጎመች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ተሰበረ፣ እየቆየ ግን ጸና።

«በዚህ ኤላ ተራ የሚሰርቅ አይቻለሁ። ቀትር ላይ፣ ሰው ሲያንቀላፋ ከብቱን ገፋ ያደርጋል። ይህ ልጅ ግን የከብቱ አፍ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ተራዬ አይደለም ብሎ ጎትቶ መለሰው። እንዲህ ያለውን ብዙ አላየሁም። እኔ ውኃውን የሚጠጣው የአማቼ ቤት መስሎኝ ነበር። አማች አይደለሁም ካለ፣ ኮሌጁ ውስጥ የሚያድሩት ልጆች የማን ናቸው? የጎረቤቴ የሶራ ልጅ አለበት፣ የወንድሜ ልጅ አለበት። ለእነሱ ብዬ ለኤላው ጉባኤ እናገራለሁ። ልጄ እሺ ብትል፣ እምቢ ብትል፣ ውኃው ውኃ ነው።»

ጥቂት አሰቡና ጉንጫቸውን ዳሰሱ። «ትምባሆውን መልስ ቢሉኝ ግን አልችልም፤ አኝኬዋለሁ። ለውኃው ይቆጠርለት።»

አንድ ነገር ጨመሩ፤ ጉያቱ እዚህ ላይ ዝም አለች።

«የመጨረሻዋን አልተረጎምሽም» አሉ ባለ መነጽሩ።

«ኮሌጁን አይመለከትም» አለች፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

ያለችው እውነት ነው። አባቷ ያሉት፣ «ልጄን የሚፈልግ ከሆነ ሌላ ትምባሆ ይዞ ይምጣ፣ መጀመሪያ ግን እሷን ይጠይቃት» ነበር። ጉያቱ ይህችን በልቧ ይዛ ወደ ላንድሮቨሩ ስትሄድ ሥዩምን ቀና ብላ ለማየት አቅም አጣች።

ጉባኤው ተቀምጦ ተራውን ለኮሌጁ ሰጠ። ዝናቡ ከገባ በኋላ ከአዲስ አበባ ቴሌግራም መጣ፤ ዕውቅናው ተሰጥቷል። ጋሽ ኃይሌ ቆመው አነበቡትና ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወገባቸው እምቢ አለና ተማሪዎቹ ደግፈው አነሧቸው። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ያልሳቀና ያላለቀሰ አልነበረም።

ጉያቱ ግን ደስታዋ ሙሉ አልነበረም። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሥዩም ቤተ መጻሕፍቱን ረግጦት አያውቅም። በሩቅ ሲያያት ቆቡን ያነሣል፣ ያልፋል። በኤላው አፍ ያለው ሁሉ በሰው ፊት ክብሯን ለመጠበቅ ያለው ይሆን? አዛኝ ሰው ነው፤ አዛኝ ሰው ደግሞ ብዙ ይናገራል። እንዲህ እያለች የአክሱምን ታሪክ ከመደርደሪያው ታወጣለች፣ አቧራ ሳይኖርበት ትጠርገዋለች፣ ትመልሰዋለች።

ቴሌግራሙ በመጣ በማግስቱ፣ የዝናብ ውኃ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ሲል፣ ሥዩም በሩ ላይ ቆመ። እጁ ባዶ ነበር።

«መጽሐፍህስ?» አለችው። እርስዎ ማለቱን ረስታዋለች።

«ዛሬ መጽሐፍ አልፈልግም።»

«ይህን ያህል ጊዜ የት ጠፋህ?»

«ቴሌግራሙን እየጠበቅሁ ነበር» አለ። «ቀደም ብዬ ብመጣ ከውኃው ጋር ይቀላቀልብሻል ብዬ ፈራሁ። አሁን ኮሌጁ ውኃም አለው፣ ዕውቅናም አለው። ከአባትሽም ከአንቺም ለኮሌጁ የምፈልገው ነገር የለም።»

ጉያቱ ጠረጴዛውን ያዘች። «እናትህስ?»

«ከእኔ ጋር ስትሟገት ሰነበተችና ትናንት ተሸነፈች። አብዱላሂን ለማን እንደሆነ ሳትነግረው ደኅና ትምባሆ የቱ እንደሆነ ጠይቃ ገዝታለች። እያሸተተች ስታስነጥስ ነው ያደረችው።»

ጉያቱ ሳቀች፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ሥዩም አልሳቀም። ተማሪ ፊት ቆሞ ስለ ነገሥታቱ ሳይተነፍስ የሚያወራው ሰው አሁን አንድ ቃል ከየት ያምጣ? ከንፈሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መስኮቱን አየ። ልታግዘው ትችል ነበር። ግን የአባ ሄሬጋ ልጅ ናት፣ የሰው ተራ አትሻማም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ጠበቀችው።

በመጨረሻ ጠየቃት። ቀስ ብሎ ነው የጠየቃት፤ ውጭ የነበረ ሰው አልሰማም። አዳዳ ዲንኪቱም ገና አልሰሙም፣ ገበያውም ወፍጮ ቤቱም አልሰሙም። ከነጌሌ ሰው ሁሉ እሷ ቀድማ ሰማች።